ወፍራሙን የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ በዱቤ ደብተር መማር

መጽሐፉን ያገኘሁት ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጉ ልጆች ዘንድ ነው። 900 ገጽ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ሲ ሻርፕ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ዊንዶውስ ፎርምስን (በተንና ሳጥን ያላቸውን መስኮቶች፣ ማለትም «ፎርሞችን» መሥሪያ) የሚያስተምር። ከኋላው የሲዲ ኪስ አለው፤ ሲዲው የለም። «ሲዲው ባይኖርም መጽሐፉ ሙሉ ነው» አለኝ ሻጩ። ያኔ ዋጋ ለማስቀነስ ተከራከርኩት። አሁን ሳስበው ግን ሲዲው አለመኖሩ ጠቅሞኛል። ቢኖር ኖሮ ኮዱን እየገለበጥኩ የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን ቀን የአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ ዕቃ እቀበላለሁ፣ ዕቃ አወጣለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም። ከዚያ መጽሐፍ ተነስቼ ግን በሁለት ዓመት ገደማ አንድ የሚሠራ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሠራሁ። የብሎካችን ባለሱቅ በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ይህን የምጽፈው እንደኔ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት፣ መብራት ለሚሄድበት፣ ግን አንድ ወፍራም መጽሐፍ እጁ ለገባ ሰው ነው።

ብዙ ሰው «ዛሬ ማን ዴስክቶፕ ይሠራል፣ የሞባይል አፕ አይሻልም?» ይለኛል። ይሻል ይሆናል። የባለሱቋ ቤት ያለው ግን አሮጌ ኮምፒውተር ነው፣ ኢንተርኔት የለውም፣ እሳቸውም ትልቅ ፊደልና የሚጫኑት ኪቦርድ ይፈልጋሉ። ለእሳቸው ዴስክቶፕ ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ መጽሐፉን ቁረጡት

ቀልዴን አይደለም። 900 ገጽ ይዞ አውቶቡስ ውስጥ መቆም አይቻልም። ኮፒ ቤት ወስጄ ለአራት አስቆረጥኩትና እያንዳንዱን ክፍል በስፓይራል አስጠረዝኩት። ሽፋናቸው ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። የኮፒ ቤቷ ልጅ «መጽሐፍ ይቆረጣል እንዴ?» ብላ በጣም አዘነችብኝ። አንዱ ክፍል ግን ቦርሳ ውስጥ ገባ። ከኮዬ እስከ ሜክሲኮ ሰልፉ ተጨምሮ አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እኔ አብዛኛውን መጽሐፍ ያነበብኩት እዚያ ነው።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ለማንበብ አትሞክሩ። ስለ ቴክኖሎጂው ታሪክ የሚያወራውን የመጀመሪያ ምዕራፍ እለፉት። ቀጥሎ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም)፣ ሁኔታ፣ ሉፕ (ድግግሞሽ)፣ ሜተድ (ስም የተሰጠው የኮድ ቁራጭ)፣ ክላስ (ዳታና ሜተድ አብረው የሚታሰሩበት) ይመጣል። እሱን በደንብ ሥሩ። ሜተድና ክላስ ምን እንደሆኑ ለጓደኛችሁ በአማርኛ ማስረዳት ከቻላችሁ ወደ ፎርሙ ግቡ። የቀረውን ሲያስፈልጋችሁ ትመለሱበታላችሁ። ቃላቱን ለመተርጎም አትድከሙ፤ ክላስ ክላስ ይባል። ሥራውን ግን በራሳችሁ አነጋገር ደብተር ላይ ጻፉት። የኔ ደብተር ላይ «ኢቨንት፦ ሰው በር ሲያንኳኳ። ሀንድለር፦ ሲያንኳኳ ተነስቶ የሚከፍተው ሰው» ይላል።

መጽሐፉ አርጅቷል ብላችሁም አትስጉ። ዊንዶውስ ፎርምስ እ.ኤ.አ. በ2002 ከመጀመሪያው ዶት ኔት (ሲ ሻርፕ ከሚሠራበት የማይክሮሶፍት መሠረት) ጋር ወጣ። በ2019 ደግሞ ወደ አዲሱ ዶት ኔት ኮር 3.0 ተሻገረ። ስለዚህ የ2008 መጽሐፍ ስለ በተን፣ ስለ ቴክስት ቦክስ፣ ስለ ኢቨንት የሚለው ዛሬም ይሠራል። የሻገተው ጥቂት ነው። «አሬይ ሊስት» ሲል እናንተ «ሊስት» ተጠቀሙ። ረጅም ሥራ ፎርሙን እንዳያደርቅ በሚያገለግለው «ባክግራውንድ ወርከር» ላይ ብዙ ገጽ ያጠፋል፤ ከ2012 ወዲህ «ኤሲንክ» እና «አዌይት» የሚባል ቀላል መንገድ አለ። ዳታቤዙን (መረጃ የሚቀመጥበትን) በማይክሮሶፍት አክሰስ ያሳያል፤ የሚጠቀምበት የድሮ ማገናኛ በ32 ቢት ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ራስ ምታት ነው። ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ ይሻላችኋል። ከ2005 በፊት የታተመ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ግን ዋጋውን በደንብ አስቀንሱ፤ በውስጡ ያሉት የድሮ ሜኑና የድሮ ሰንጠረዥ ከአዲሱ ዶት ኔት ወጥተዋል።

ያለ ዳውንሎድ መጀመር

ኮድ የሚጻፍበትና ፎርም የሚሳልበት ፕሮግራም፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ፣ ለግለሰብ ነፃ ነው። ችግሩ ብዙ ጊጋባይት መሆኑ ነው። እኔ ለእሱ ፓኬጅ እስካጠራቅም አልጠበቅኩም። ዊንዶውስ 10 ያለበት ኮምፒውተር ውስጥ የሲ ሻርፕ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው) ቀድሞ ተቀምጧል። ብዙ ሰው አያውቀውም። የዊንዶውስን ፎልደር ክፈቱ፣ «ማይክሮሶፍት ዶት ኔት» የሚለው ውስጥ ግቡ፣ ቀጥሎ «ፍሬምወርክ»፣ ከዚያ ስሙ በv4.0 የሚጀምረውን። እዚያ ውስጥ «ሲኤስሲ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ኮዳችሁን በኖትፓድ ጽፋችሁ በኮማንድ ፕሮምፕት ለእሷ ትሰጣላችሁ። ከሲ ሻርፕ 5 በላይ አታውቅም፤ ለ2008 መጽሐፍ ግን ከበቂ በላይ ናት። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ በኖትፓድና በእሷ ነው የተማርኩት። በኋላ ቪዥዋል ስቱዲዮን በሌሊት ፓኬጅ፣ በሦስት ሌሊት አወረድኩት። ጫኙን በ«ሌይአውት» ትእዛዝ ወደ ሃርድ ዲስክ ካወረዳችሁት ደግሞ ለጓደኛም ይተርፋል።

የመብራት ሰዓትና የጨለማ ሰዓት

እኔ ሥራውን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። መብራት ሲሄድ በወረቀት፣ መብራት ሲመጣ በኪቦርድ።

የወረቀቱን አትናቁት። ከመጽሐፉ አንድ አጭር ኮድ ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል አንድ አንድ ዓምድ አስምሩ። ኮዱን መስመር በመስመር እየተከተላችሁ ዋጋው ሲቀየር የድሮውን ሰርዙ፣ አዲሱን ከታች ጻፉ። ሻማ አጠገብ ተቀምጬ አንዲት ሉፕ ለምን አንድ ጊዜ እንደምታጎድል ያገኘሁት እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን በግምት እየቀያየርኩ እስኪሠራ እሞክር ነበር፤ ቢሠራም ለምን እንደሠራ ሳላውቅ።

መብራት ሲመጣ ያንኑ ኮድ በእጃችሁ ጻፉት። ራን አድርጉት። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉና እንደገና ጻፉት። ሁለተኛው ጊዜ ያማል። የሚያመው ደግሞ ያልገባችሁ ቦታ ላይ ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ቀይሩ። መጽሐፉ አምስት ቁጥር ቢደምር እናንተ የወሩን የታክሲ ወጪ ደምሩበት። ኤረር ሲመጣ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ጠበቅኩ፣ ምን ሆነ፣ ምክንያቱ ምን ነበር። የኔ የኤረር ደብተር ከመጽሐፉ የበለጠ ይነበባል። አንድ ጊዜ እናቴ ደውላ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ «በግ እየፈለግኩ ነው» አልኳት፤ የኮድ ስህተት በእንግሊዝኛ «በግ» ይባላል። ለበዓል መስሏት ዋጋው ስንት እንደገባ ጠየቀችኝ።

ሦስት ምሽት ስላጠፋችብኝ በተን

ይቺን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ከመጽሐፍ የሚማር ሰው ሁሉ ይወድቅባታል።

ፎርም ላይ አንድ በተን አስቀመጥኩ። መጽሐፉ «በተን 1 ክሊክ» የሚል ሜተድ ጽፏል። እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት። ኮምፓይል ሆነ፤ ኤረር የለም። በተኑን ስጫን ግን ምንም የለም። እንደ ግድግዳ። አንድ ፊደል ሳትቀር ከመጽሐፉ ጋር አስተያየሁ። አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩት። ሦስት ምሽት ሄደ።

ችግሩ ኮዱ አልነበረም። ሜተዱ አለ፣ በተኑም አለ፣ ያገናኛቸው ግን የለም። የሚከፍተው ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ «በሩ ሲንኳኳ አንተ ክፈት» ያለው የለም። ማገናኛው ዲዛይነሩ ላይ (ፎርሙ በሚሳልበት መስኮት) በተኑን ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ነው። ያኔ ቪዥዋል ስቱዲዮ ባዶ ሜተድም ይሠራላችኋል፣ ማገናኛዋንም መስመር ሌላ ፋይል ውስጥ ይጽፍላችኋል። ሜተዱን ቀድማችሁ ከጻፋችሁት ደግሞ በፕሮፐርቲስ መስኮት ላይ የመብረቅ ምልክቷን ተጫኑና ከ«ክሊክ» ጎን ስሙን ምረጡ። መጽሐፉ ይህን ተናግሮታል። ከሠላሳ ገጽ በፊት፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ስዕል ስር። እኔ ስዕሉን ብቻ አይቼ አልፌ ነበር።

ለአንድ ሰው ሥሩ

የመጽሐፉ ትልቁ ምሳሌ የደንበኞች መመዝገቢያ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ ዚፕ ኮድ። ኮዬ ፈጬ ውስጥ ዚፕ ኮድ ለማን ነው? ሠርቼ ጨረስኩት፣ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ምድር ቤት ወዳለችው ሱቅ ወረድኩ። ባለሱቋን እትዬ ነው የምላቸው። ዱቤ የሚጽፉበት ጥቁር ደብተር አላቸው፤ ጠርዙ በዘይት ረጥቧል። «እትዬ፣ ይህን ደብተር ኮምፒውተር ላይ ልሥራልዎት?» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ የማይጠፋ ከሆነ ሥራው» አሉ።

ምክሬ ይኼ ነው፦ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ምሽት ቁጭ ብላችሁ እዩ። እኔ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ አየሁ። እትዬ የማንንም ሙሉ ስም አይጽፉም። «የመንትዮቹ እናት» ይላሉ። «ሹፌሩ፣ ሦስተኛ ፎቅ» ይላሉ። ሰው ሲከፍል አያጠፉም፤ ከጎኑ ምልክት ያደርጋሉ፣ ክርክር ከመጣ እንዲያሳዩ። ከዚህ ተነስቼ ዚፕ ኮዱን ጣልኩት። አንድ የመጠሪያ ሳጥን፣ አንድ የብሎክና የቤት ቁጥር ሳጥን፣ ዕቃ፣ ብር። የመሰረዣ በተን የለም፤ «ተከፍሏል» የሚል ብቻ ነው ያለው። መጽሐፉ በተኑ እንዴት እንደሚሠራ አስተማረኝ። የትኛው በተን እንደማያስፈልግ የነገረኝ ግን ጥቁሩ ደብተር ነው።

መጽሐፉ የማያውቃቸው ነገሮች

አንደኛው ፊደላችን ነው። እትዬ አንድ ቀን «ኃይሉ» ብለው መዘገቡ፤ በሌላ ቀን «ሀይሉ» ብለው ፈለጉ። ፕሮግራሙ «የለም» አለ። እሳቸውም «ትናንት ዘይት የወሰደው ማን ሊሆን ነው?» አሉ። መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው። በአንዱ ሰው እንደጻፈው ይቀመጣል፣ በሌላው ለፍለጋ የተስተካከለው። ማስተካከያው ቀላል ሒሳብ ነው፤ ምክንያቱም በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል በሚሰጠው ቁጥር) ውስጥ ፊደሎቻችን በስምንት ስምንት ቦታ ተሰልፈዋል። የሠ ቤት ላይ 16 ብትደምሩ የሰ ቤት ይመጣል። ከሐ ቤት 16 ብትቀንሱ ወደ ሀ ቤት ትደርሳላችሁ፤ ከኀ ቤት ደግሞ 128። ከዐ ቤት 48 ቀንሱ፣ አ ነው። ከፀ ቤት 8 ቀንሱ፣ ጸ ነው። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ። የሚፈለገውን ቃልም ከመፈለጋችሁ በፊት በዚያው ወንፊት አሳልፉት። ሃያ መስመር እንኳ አይሞላም። በነገራችን ላይ ሲ ሻርፕ የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። «ዋጋ» ብዬ የሰየምኩት ቫሪያብል አለኝ። ኪቦርድ መቀያየሩ ስላሰለቸኝ ግን ብዙ አልገፋሁበትም።

ሁለተኛው ቀናችን ነው። ዶት ኔት የዕብራይስጥ፣ የሂጅራ፣ የፋርስ፣ የጃፓን አቆጣጠር አለው። የኛ የለውም። እኔ ሁላችንም ከምናስታውሰው ቀን ተነሳሁ፦ መስከረም 1 ቀን 2000፣ ሚሌኒየሙ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2007 ነው። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ያሉትን ቀናት ቁጠሩ። አራት ዓመት 1461 ቀን ስለሆነ ለ1461 አካፍሉ። ቀሪውን ለ365 አካፍሉ፤ በአራቱ ውስጥ ስንተኛው ዓመት እንደሆነ ይሰጣችኋል። የሚተርፈውን ለ30 ስታካፍሉ ወሩና ቀኑ ይወጣል፤ ከ0 ስለሚቆጠሩ አንድ አንድ ጨምሩባቸው። ጳጉሜ ራሷ 13ኛ ሆና ትመጣለች። በጣም አማረብኝ።

ከዚያ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ደረሰ። ጠዋት እትዬ በመስኮት ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ያንተ ኮምፒውተር እንቁጣጣሽን ቀድሞ አከበረ እንዴ?» ፕሮግራሙ መስከረም 1 ቀን 2016 ይላል። በማግስቱም መስከረም 1 አለ። የአራቱ ዓመት የመጨረሻ ቀን ላይ ቀሪው 1460 ነው። ለ365 ሲካፈል 4 ይሰጣል። ዓመቶቹ ግን ከ0 እስከ 3 ነው የሚቆጠሩት። 4 ከመጣ 3 አድርጉት፣ የሚተርፈውንም 365፤ በቃ። በአራት ዓመት አንድ ቀን ብቻ የምትታይ በግ ስለሆነች ዝም ብላችሁ ብትጠብቁ አታገኟትም። እኔ አሁን ቀን የሚነካ ኮድ በጻፍኩ ቁጥር የ2003ን፣ የ2007ን፣ የ2011ንና የ2015ን ጳጉሜ 6 እሞክራለሁ።

ሦስተኛው መብራት ነው። መጀመሪያ ዱቤውን በቴክስት ፋይል ነበር የማስቀምጠው። አንድ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ፕሮግራሙ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች እንደገና ይጽፈዋል። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚያሳየው፤ መብራት በማይሄድበት አገር ችግር የለውም። አንድ ማታ እየጻፈ እያለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ዜሮ። ፍላሽ ላይ የነበረኝ ቅጂ ከሁለት ቀን በፊት የተቀዳ ነው። እትዬ አልጮኹም፤ ጥቁሩን ደብተር ከመሳቢያ አውጥተው «እኔም ጎን ለጎን እየጻፍኩ ነው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ወደ ኤስኪውላይት ዞርኩ። ዳታው በአንድ ፋይል ይቀመጣል፣ ሰርቨር አይፈልግም። በትራንዛክሽን ስትጽፉ ወይ ሙሉው ይገባል ወይ ጭራሽ አይገባም። ቅጂውን ደግሞ ፕሮግራሙ ሲዘጋ በራሱ እንዲያስቀምጥ አደረግኩት። ሰው ይረሳል።

ስለ ብር አንድ ነገር። «ደብል» በሚባለው የቁጥር ዓይነት ገንዘብ አትያዙ። 0.1 እና 0.2 ስትደምሩ ከ0.3 ትንሽ ይበልጣል፤ ኮምፒውተሩ በሁለትዮሽ ስለሚይዘው ነው። «ዴሲማል» ተጠቀሙ።

ፎርማችሁ ነጭ ሆኖ ከደረቀም አትደንግጡ። ፎርሙን የሚያስተዳድረው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው። በተን ሲጫኑ ረጅም ሥራ ከሰጣችሁት ባንኮኒውን ጥሎ ጓዳ ይገባል። ደንበኛ ቢጣራ የሚሰማ የለም። ረጅሙን ሥራ በ«ታስክ ራን» ለሌላ ስጡትና በ«አዌይት» ጠብቁት። የሱቅ ዱቤ ግን ትንሽ ስለሆነ እኔ እዚህ ምዕራፍ ላይ ብዙ አልቆየሁም።

ሱቅ ስትወስዱት

ለአሮጌ ኮምፒውተር ስትሠሩ ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8ን ምረጡ። የዊንዶውስ 10 የኋለኞቹ እትሞች ይዘውት ስለሚመጡ ፕሮግራማችሁ ትንሽ ፋይል ሆኖ ይቀራል። በአዲሱ ዶት ኔት ሁሉን ነገር ጠቅልላችሁ ካወጣችሁት ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። የፊደሉን መጠን ደግሞ ቤታችሁ በሚታያችሁ ልክ አትተዉት። እኔ 9 ነበር የተውኩት። እትዬ መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ። 16 አደረግኩት። ከዚያ ማውሱን አነሳሁባቸውና በ«ኢንተር» ብቻ ከሳጥን ወደ ሳጥን እንዲሄድ አደረግኩ፤ አንድ እጃቸው ሁልጊዜ ዕቃ ይዟል።

አሁን የቀረኝ የፕሪንት ምዕራፍ ነው። እትዬ በወር መጨረሻ ለየቤቱ የሚሰጡት ወረቀት ይፈልጋሉ፤ «ሰው በቃል ሲጠየቅ ይቀየማል፣ ወረቀት ሲያይ ይከፍላል» ይላሉ። አራተኛው ክፍል ውስጥ ነው፣ ሰማያዊው ስፓይራል። ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ላይ አንብቤዋለሁ። ዛሬ ማታ መብራት ካለ እጽፈዋለሁ።